የባለ አርባው ደቦ

አንድ ገበሬ ነበር፤ ስሙ ደባልቄ። በስሙ የሚጠራው ግን አልነበረም፤ የሀገሬው ሰው ሁሉ «ባለ አርባ» ነበር የሚለው። አርባ በሬ ኖሮት እንዳይመስላችሁ! የነበሩት በሬዎች ሁለት ናቸው፤ ከሁለቱም አንዱ ያነክሳል። አርባው ሰው ነው። ደባልቄ አርባ ወዳጅ ነበረው፤ ደቦ ሲጠራ አርባ ማጭድ፣ ቤት ሲሠራ አርባ ጫንቃ፣ ሐዘን ሲመጣበት አርባ አልቃሽ። ይህን ሁሉ ሰው ደግሞ በከንቱ አላገኘውም። ማን ታመመ ሲባል ቀድሞ የሚደርሰው፣ የማን በሬ ገደል ገባ ሲባል ቀድሞ የሚሮጠው እሱ ነው። እውነቱን እንነጋገር ካልን ደግ ሰው ነበር።

አንድ ነገር ግን ነበረበት። ሰዎች «እግዚአብሔር ይርዳህ» ሲሉት «አሜን» ይላል፤ ልቡ ግን ወዲያ ነው። «እግዚአብሔርማ ይረዳል» ይላል እየሳቀ፤ «እኔ ደግሞ አርባ ሰው አለኝ!» አይ ደባልቄ! እንዲህ ሲል የሰማው ሁሉ አብሮት ይስቅ ነበር እንጂ አንድም ሰው አልገሠጸውም።

ታዲያ በአንዱ ዓመት ምድሪቱ ሰጠች። እንዴት ያለ ስንዴ መሰላችሁ! የቆመ ሰው ደረት ድረስ የሚደርስ፣ ዛላው ከብዶት አንገቱን የደፋ። ደባልቄ ይህን ስንዴ ሲያይ ዕንባው ይመጣ ነበር፤ ምክንያት አለው። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ተከታትሎ ዋግ መትቶበት ጎተራው ባዶ ሆኗል። ሚስቱ አንጓች የቀረችውን ጥሬ በእፍኝ እየለካች ነው ለልጆቹ የምትሰጠው። ይህ ስንዴ ከገባ ቤቱ ይተርፋል፤ ካልገባ አምስት ልጅ ይዞ ከሀገር መሰደድ ነው። ሦስተኛ መንገድ አልነበረም።

ስንዴው ደረሰ። አንጓች አንድ ቀን ጠዋት ከማሳው ዳር ቆማ አንዱን ዛላ በመዳፏ አሽታ፣ እፍ ብላ፣ ጥሬውን በጥርሷ ነከሰችና ቀጭ ሲልላት ፊቷ በራ።

«ደርሷል!» አለችው። «ነገ በስመአብ ብለን እንጀምረው። አንተ ከላይ፣ እኔ ከታች።»

ደባልቄ ከት ብሎ ሳቀባት። «አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ? እኔ ባለ አርባው ከሚስቴ ጋር ሁለት ሆኜ ልጨድ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው የፈለገውን ይበል። ስንዴው ግን ደርሷል።»

«ደቦ እጠራለሁ። ወዳጆቼ ሁሉ የሚመቻቸው የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ነው። አውራጁም እስከዚያ ከቆላ ይመለሳል።» አውራጅ የሚባለው ደቦ ላይ ዘፈኑን የሚያወጣው ሰው ነው፤ እሱ ያወጣል፣ አጫጁ ይቀበላል። የዚያ ሀገር አውራጅ ድምፁ ከወዲያኛው ጋራ ይሰማል ይባልለት ነበር። ደባልቄ ያለ እሱ ደቦ ደቦ አይመስለውም።

«አሥራ ሁለት ቀን!» አለች አንጓች። «እንግዲህ እስከዚያ እግዚአብሔር ሰማዩን ይያዝልና።»

«ሰማዩን ተይውና ጠላውን ጥመቂ» አላት ባለ አርባው።

ጠመቀች። ምን ታድርግ? እሱ ደግሞ አሥራ ሁለቱን ቀን ሙሉ ማጭዱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከቤት ቤት ሲዞር ከረመ። «እንዳትቀርብኝ!» ይላል። «እኔ ልቅር? ሞቼ ካልሆነ!» ይሉታል። አንዱ በማርያም ይምላል፣ አንዱ በልጆቹ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጓንጉል ነበር፤ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሣለት አበልጁ፣ ጉልበቱ የሦስት ሰው የሆነ። «ሰማይና ምድር ቢገናኙ ካንተ ማሳ አልጠፋም፣ አበልጄ!» አለው። ደባልቄ ከጓንጉል ቤት ሲወጣ እግሩ መሬት አይነካም ነበር።

በዚያ ሁሉ ዙረቱ ሳይገባበት ያለፈው አንድ ደጅ ብቻ ነው፤ የእማማ ዘርትሁን። እማማ ዘርትሁን ከእሱ ማሳ በላይ በኩል ጠባብ እርሻ ያላቸው፣ ባል የሞተባቸው አሮጊት ናቸው። ስንዴያቸው ቢጫ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ይወጣሉ፤ ወደ ምሥራቅ ዞረው ያማትባሉ፤ «ጌታዬ፣ ያቅሜን እኔ፣ የቀረውን አንተ» ይላሉ፤ ከዚያ ወገባቸው እስኪዝል ያጭዳሉ። ያጨዱትንም ያንኑ ቀን አስረው፣ ከምረው ነው ወደ ቤት የሚገቡት። ደባልቄ በአጠገባቸው ሲያልፍ አሳዘኑት።

«እማማ፣ ምን ያደክምዎታል? የኔ ደቦ ሲያበቃ አምስት ጎበዝ ልኬ ባንድ ጀንበር አስጨርስልዎታለሁ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ። እስኪመጡ ግን እያጨድኩ እቆያለሁ።»

ሳቀና አለፈ። ደቦው ላይ ይምጡ ብሎም አልጠራቸውም፤ አሮጊት ደቦ ላይ ምን ሥራ አላት ብሎ ነው።

የደቦው ቀን ደረሰ። እስኪ ስንቱ የመጣ ይመስላችኋል? ሁሉም! አርባውም መጣ! በሰው ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ ቃላቸውን አክብረው ጤዛው ሳይረግፍ ነው የተሰለፉት። አውራጁ ጉሮሮውን ጠረገና አወጣው፤ አርባ ሰው ባንድ አፍ «ሆ!» ብሎ ተቀበለው። ከዚያማ ምኑ ይነገራል! ማጭዱ ሲብለጨለጭ፣ ስንዴው ሲተኛ፣ ፉጨቱ፣ ፉከራው፣ ጓንጉል ብቻውን የሦስት ሰው ረድፍ ይዞ ሲያጭድ! ፀሐይ ከአናት ስትደርስ የማሳው ግማሽ ታጭዶ መሬት ላይ ተኝቷል። ደባልቄ የጠላ ቅል ይዞ ከአንዱ ወዳንዱ ይበራል።

«አንጓች! አየሽ?» ብሎ ጮኸ። «ሰው ማለት ይሄ ነው!»

አንጓች እሱን አልነበረም የምታየው። ወደ ተራራው ነበር።

ከተራራው ጀርባ ደመና ብቅ አለ። ጥቁር ነው፤ ሆዱ ግን ነጣ ብሏል። ገበሬ የሆነ ሁሉ ያን ንጣት ያውቀዋል፤ በረዶ ነው። አውራጁ ዘፈኑን ካጋመሰበት ቆረጠው። አርባ ማጭድ ባንድ ጊዜ ዝም አለ። አርባው ሰው ቀና ብሎ ደመናውን አየ። ከዚያ ከጫፍ በኩል አንዱ፣ «የኔ ስንዴ!» ብሎ ጮኸና ማጭዱን እንደያዘ ቁልቁል ሮጠ።

ለካስ ለደባልቄ ደቦ ብለው የነሱም ማሳ እንደቆመ ነው! «የኔስ!» አለ ሁለተኛው። ሦስተኛውም ሮጠ። ደባልቄ እጁን ዘርግቶ ፊታቸው ቆመ። «ወዴት ነው? ገና ግማሹ ነው እኮ! ወንድሞቼ! በልጆቻችሁ!» በልጆቻቸው ነበር የሚሮጡት። አሥር ሄደ፣ ሃያ ሄደ፣ አውራጁ ሄደ። በመጨረሻ ጓንጉል ብቻ ቀረ፤ ማጭዱ በእጁ፣ ዓይኑ በደመናው ላይ።

«አበልጄ» አለ ደባልቄ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «አንተም?»

ጓንጉል ዕንባው መጣ። «ልጆቼ ምን ይበሉ? ማረኝ፣ አበልጄ! ማረኝ!» አለና እሱም ሮጠ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። እነዚህን ሰዎች እንዳትረግሟቸው። ከሃዲዎች አይደሉም፤ ደባልቄን ይወዱት ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ደመናው የደባልቄ ማሳ ላይ ብቻ አልነበረም፣ የነሱም ማሳ ላይ ነበር። ሰው የሚጥልህ ሁልጊዜ ከፍቶ አይደለም፤ አንተን ያስፈራህ እሱንም ስለሚያስፈራው ነው። ይህን ደባልቄ ያን ሰዓት የሚረዳበት ልብ አልነበረውም።

ድንጋይ ላይ ወጣና ስማቸውን እየጠራ መጮህ ጀመረ። በየስማቸው ተጣራ፤ በአባታቸው ስም፣ በቁልምጫ ስማቸው ሁሉ ተጣራ። ነጎድጓዱ ብቻ መለሰለት። ድምፁ ሰለለ፤ ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ። ስሙ አለቀ። አፉን ከፍቶ ቆመ፤ የሚጠራው ሰው የለም። ያን ጊዜ ነው፣ ያን ጊዜ ብቻ፣ አንድ ያልጠራው ስም እንዳለ ትዝ ያለው።

«እግዚአብሔር!» አለ።

ድንጋዩ ላይ ተንበረከከ። «ጌታዬ፣ ሰው አለኝ ብዬ ሁለተኛ አደረግሁህ። ምን ሁለተኛ! አርባ አንደኛ ነው ያደረግሁህ! አሁን ማንም የለኝም። አንተ ብቻ ነህ ያለኸኝ።» ይህን ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ደመናው ተበተነ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባላችሁ ነበር። አልተበተነም፤ እንዲያውም ቀረበ። የተለወጠ ነገር ግን ነበር፤ ደባልቄ ሰው መጣራቱን ተወ። ብድግ አለ። ማጭድ አነሣና ገና ባልታጨደው ስንዴ ላይ ወረደበት፤ አንጓችም ከጎኑ። ያጭዳሉ፣ ያጭዳሉ፣ ላብ ዓይናቸው ውስጥ እየገባ ያጭዳሉ።

«ማጭዱን ጣለው!»

ደባልቄ ቀና ሲል እማማ ዘርትሁን ናቸው። ገመድ በትከሻቸው ጥለው፣ ነጠላቸውን በወገባቸው አሥረው፣ እያለከለኩ ከላይ ይወርዳሉ። የራሳቸው ስንዴ ትናንት አልቆ ተከምሯል። ማንም አልጠራቸውም።

«እንዴት ልጣለው፣ እማማ? ግማሹ ማሳ ቆሟል እኮ!»

«የቆመውን ያቆመው እግዚአብሔር ነው፤ እሱ ይጠብቀው። መነሣት ያለበት የተኛው ነው! የታጨደ ስንዴ መሬት ላይ ውሃ ካገኘው ይበሰብስብሃል። ሦስት ሰው ነን፤ የታጨደውን እንሰብስብ!»

«ቆሞ በረዶ ቢመታውስ?»

«ቢመታውስ? በማጭድህ በረዶ ልትመልስ ኖሯል?»

ደባልቄ ቆመ። ከፊቱ ያልታጨደው ስንዴ በነፋሱ ይተራመሳል፤ ግማሽ የልጆቹ እንጀራ ነው። ለዚህ ጀርባን መስጠት ቀላል እንዳይመስላችሁ! ድንጋይ ላይ ተንበርክኮ «አንተ ብቻ ነህ ያለኸኝ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ ቃሉን በሥራ መግለጽ ሌላ ነው። ደባልቄ ማጭዱን አየ፣ ስንዴውን አየ፣ ሰማዩን አየ። «እንግዲህ ያንተ ነው!» አለና ማጭዱን ወርውሮ ወደ ነዶው ሮጠ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! አንጓች ትሰበስባለች፣ እማማ ዘርትሁን ያሥራሉ፣ ደባልቄ ይሸከማል፣ ይከምራል። ነዶ በነዶ ላይ፣ ዛላው ወደ ውስጥ፣ አገዳው ወደ ውጭ። ነጎድጓዱ ሲቀርብ እነሱ ይፈጥናሉ። አሮጊቷ እያሠሩ «አይዞህ ልጄ፣ አይዞሽ ልጄ» ይላሉ፤ አንዴ እንኳ ቀና ብለው ሰማዩን አላዩም። ሩቡ ቀረ፣ አሥር ነዶ ቀረ፣ ሦስት ቀረ። የመጨረሻውን ነዶ ከላይ አስቀምጦ ለደቦው የተነጠፈውን ሰሌን ሲያለብስበት የመጀመሪያው ጠጠር በረዶ ግንባሩ ላይ አረፈ።

ሽምብራ የሚያክል ነው። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር። ሦስቱም ክምሩ ሥር ተጠጉ። ደባልቄ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ድምፁ ለሰስ አለ። ዓይኑን ሲከፍት በረዶው ዝናብ ሆኗል! ዶፍ ነው፤ ግን ውሃ ነው! አንጓች እልል አለች። እማማ ዘርትሁን በዚያ ዝናብ ውስጥ ወጥተው እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ ደባልቄ ይሳቅ ያልቅስ ጠፍቶት ሁለቱንም አደረገው።

በማግሥቱ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። ያልታጨደው ስንዴ ጎንበስ ብሏል እንጂ ቆሟል! ውሃው ከዛላው ላይ እየተንጠባጠበ፣ ፀሐዩ እያደረቀው ቀስ በቀስ ቀና ይል ነበር። የተከመረውም ውስጡ ደረቅ ነው። አንጓች ማጭድ አቀበለችው። «በል እንጀምረው» አለችው፤ ደስታዋ ከፊቷ ላይ ይፈስሳል።

ደባልቄ ግን ቁልቁል እያየ ነበር። በየማሳው ትናንት ሮጠው የሄዱት ሰዎች ቆመዋል። በድንጋጤ ለየብቻቸው አጭደው፣ አጭደው፣ ሳይሰበስቡ ነው ዝናቡ የደረሰባቸው። ስንዴያቸው ጭቃ ላይ ተኝቷል። ጓንጉል መሐል ማሳው ላይ ራሱን ይዞ ተቀምጧል። ደባልቄ ማጭዱን ለሚስቱ መለሰላትና ገመድ ይዞ ወረደ።

ጓንጉል ሲያየው አንገቱን ደፋ። «አበልጄ፣ ልትሰድበኝ ነው የመጣኸው? ስደበኝ፤ ይገባኛል።»

«ነዶ ላነሣ ነው የመጣሁት። ተነሥ! ሳይበሰብስ ፀሐይ ላይ እናቁመው።»

«ያንተ ገና አልታጨደም እኮ።»

«የኔን ትናንት የጠበቀው ዛሬም ይጠብቀዋል።»

ጓንጉል ግን አልተነሣም። «ጥዬህ ሄድኩ» አለ። «ምዬልህ ጥዬህ ሄድኩ።»

ደባልቄ ጭቃው ላይ አጠገቡ ተቀመጠ። «አዎ፣ ሄድክ። እኔም ትናንት ተቀይሜህ ነበር፤ አልዋሽህም። ሌሊቱን ግን ሳስበው ጥፋቱ የኔ ሆኖ አገኘሁት። ትናንት ካንተ የፈለግሁት ስንዴ እንድታጭድልኝ አልነበረም፣ ደመና እንድትመልስልኝ ነበር። አንተ ሰው ነህ፣ ደመና አትመልስም። የማትችለውን ተሸከም ብዬህ፣ ጣልከው ብዬ ተቀየምኩህ። አንተ ነህ እኔን ይቅር የምትለኝ።»

ጓንጉል አቅፎት አለቀሰ። ከዚያ ሁለቱም ተነሡና እየተሳሳቁ፣ እየተቀላለዱ፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው ነዶውን አቃንተው ፀሐይ ላይ አቆሙት። አብዛኛው ተረፈ። ደባልቄ ከዚያ ወደሚቀጥለው ማሳ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ሄደ። የራሱን ቀሪ ስንዴ ከሚስቱ ጋር ማጨድ የጀመረው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ጠዋት አማትቦ፣ አንጓች ከታች፣ እሱ ከላይ። የዚያን ዓመት ጎተራው ሞላ፤ ልጆቹም አልተሰደዱም።

ወገኖቼ፣ ይህ ታሪክ ሰውን አትመኑ፣ ወዳጅ አታብዙ አይላችሁም። ወዳጅ አብዙ! ደቦም ጥሩ፣ ጠላም ጥመቁ። መታመኛችሁ ግን እግዚአብሔር ይሁን። በሰው የሚታመን ሰው ወዳጁን ያስጨንቃል፤ ከሰው ትከሻ በላይ የሆነውን ይጭንበታል፤ ሲጥለው ደግሞ ይጠላዋል። በእግዚአብሔር የታመነ ግን ወዳጁን በነፃ ይወደዋል፤ ቢመጣ ያመሰግነዋል፣ ቢቀር ይቅር ይለዋል፣ ሲወድቅም ሄዶ ያነሣዋል።

እስኪ እጃችሁን ልባችሁ ላይ አድርጉና መልሱልኝ። «ጣለኝ» ብላችሁ ዛሬም ድረስ የተቀየማችሁት ሰው አለ? ከዚያ ሰው የጠበቃችሁት ሰው ሊሰጠው የሚችል ነገር ነበር፣ ወይስ እግዚአብሔርን መለመን ሲገባችሁ እሱን ነው የለመናችሁት?